ግራጫ የማይገባበት ሥዕል

ሲሲሊያ ስትሄድ ትቆጥራለች። የጭንቅላት ጉድለት አይደለም፤ የሥራ ልክፍት ነው። ከደሴቲቱ ከኔያፉ ወደብ ወደ አክስቷ ቤት የሚወስደውን ዳገት ስትወጣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ነጭ አርባ፣ የበሩን ጥላ ጥቁር ሦስት፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግድግዳ ደግሞ ነጭ አሥራ አንድ እያለች፣ ሰላም ያላትን ሰው እንኳ ሳታይ ታልፋለች። የሠፈሩ ሰው ለምዷታል። «ተዋት፣ እየላከች ነው» ይባባላሉ።

ሥራዋ ለሚሰማው ቀላል ነው። በአየር ሁኔታ ቢሮው ውስጥ ላቱ የሚባል ትንበያ የሚሠራ ሰው አለ፤ እሱ በኮምፒውተሩ የባሕሩን ሥዕል ያወጣል። ነፋሱ በሰማያዊ፣ ዝናቡ በአረንጓዴ፣ የከፋው በቀይ፣ ሊመጣም ላይመጣም የሚችለው ደግሞ በፈዛዛ ግራጫ ይቀባል። ያማረ ነገር ነው፤ ሳሎን ቢሰቅሉት አያሳፍርም። ምን ዋጋ አለው ታዲያ፣ ባሕር ላይ ያሉት ጀልባዎች ያን ሁሉ ቀለም የሚችል አንጀት የላቸውም። ከሠላሳ ኪሎባይት የበለጠ ፋይል ሲመጣባቸው የሳተላይት ስልካቸው ከላይ ከላይ ቀመስ ያደርግና የቀረውን ይደፋዋል። ስለዚህ ሲሲሊያ ቀለሙን ትገፈዋለች። ከግማሽ በላይ የጠቆረውን ጥቁር፣ ያልጠቆረውን ነጭ ታደርገዋለች፤ ከዚያ ማሽኑ ያጥፈዋል።

የሚደንቀው አጣጠፉ ነው። ማሽኑ ነጥብ በነጥብ አይጽፍም፤ «ነጭ ዘጠኝ መቶ፣ ጥቁር አራት» ብሎ ያልፋል። ቀጥላ የምትመጣው መስመር ደግሞ ያንኑ አትደግምም። «እንደ ላይኛዋ ነኝ፤ እዚች ጋ ብቻ አንድ ነጥብ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብያለሁ» ትላለች። የሷ ታናሽም እንደዚሁ፤ የታናሿም ታናሽ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲከብድ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲንጠራራና ወደቡ ጭልጥ ብሎ ሲተኛ፣ ሲሲሊያ ዓይኗን ከድና መስመሮቹ እየተደጋገፉ ሲወርዱ ታያቸዋለች። ባሕሩ ሁሉ በዝግታ ይታጠፋል፣ ደሴቶቹ ይታጠፋሉ፣ እሷም ከነወንበሯ አንዲት መስመር ትሆንና፣ እንደ እናቴ ነኝ፣ እዚች ጋ ብቻ ፈቀቅ ብያለሁ እያለች ስትወርድ ትባንናለች።

ኩራቷም እዚሁ ላይ ነው። በዚህ ባሕር ላይ እንደሷ ያነሰ ፋይል የሚልክ የለም። ሰው አሥራ ስምንት የሚያወጣውን እሷ አሥራ አንድ ታወጣዋለች። ሥዕሉ ላይ የቀረች ብናኝ ካለች አታልፋትም፤ ጠርጋ፣ አጥርታ፣ ነጩን ነጭ አድርጋ ነው የምትልከው።

ሥዕሉን ከሚቀበሉት ጀልባዎች አንዷ ቫይሞአና ናት። ካፒቴኗ ማኖአ ነው፤ የሲሲሊያ ታናሽ ወንድም። ከዚህ ጋ ነገሩን ከሥሩ መናገር ይሻላል። ሲሲሊያና ማኖአ፣ እዚህ አገር እንዳሉ እህትና ወንድም ሁሉ፣ ካደጉ በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ተቀምጠው አያውቁም። ከወንድም እህት ትበልጣለች። እህት ተናግራ እምቢ የሚል ወንድም ገና አልተወለደም። ከሦስት ዓመት በፊት ማኖአ በሰው ጀልባ ላይ ምክትል ሳለ፣ ሲሲሊያ ክፉ ሕልም አየችና በሬዲዮ «ተመለስ» አለችው። በቃ፣ ይኸው ነው ያለችው። ማኖአ ካፒቴኑን ለምኖ፣ እግሩ ላይ ወድቆ፣ ስምንት ሰው ይዞ በባዶ ጀልባ ተመለሰ። ባሕሩም ያን ሳምንት እንደ ሰሌን ተዘርግቶ ዋለ፤ ዓሣውን ሌሎቹ አፈሱት። ማኖአ ከሥራ ተባረረ። ወንዶቹ ካቫ የሚሉትን የሥር መጠጥ ከበው በተቀመጡ ቁጥር «የእህቱን ሕልም የሚቀዝፈው መጣ» እያሉ ልቡን አወለቁት።

ሲሲሊያ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያን አፏን ጠላችው። ዳግመኛ በእህትነቷ ላታዝዘው ማለች፤ ሰላም ማለትም አፈረች፤ ስሙንም መጥራት ተወች። ዘንድሮ የቫይሞአና ባለቤት ማኖአን ካፒቴን ሲያደርገው «አንድ ጊዜ ባዶህን ብትመጣ የመጨረሻህ ነው» እንዳለው ሰምታለች። እና አሁን በሁለቱ መካከል የቀረው ያ ሥዕል ብቻ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ትልካለች፣ አሥር ሰዓት ትልካለች፤ ማኖአ ሲያወርደው በሷ ማሽን ላይ «ተቀብሏል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ለሷ «ደህና ነኝ» ማለት ነው። በዚያች ቃል ነበር የምትኖረው።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት የላከችው ሥዕል አሥር ኪሎባይት ተኩል ወጣ። እስከ ዛሬ ከላከችው ሁሉ ትንሹ ነው። ደስ ብሏት ለላቱ ልትነግረው ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ በዚያው የሱን ባለቀለም ሥዕል አየች። ቫይሞአና በምታመራበት በሰሜኑ ጥልቅ ባሕር ላይ አንድ ግራጫ ነገር ተኝቷል።

«ላቱ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ላቱ ሙዙን እያላመጠ ጠጋ አለ። «እሱ? ምናልባት ነው።»

«ምናልባት ማለት?»

«ከአሥር አራት። ሊጠነክርም ይችላል። ነገ ስንነሳም የት እንደገባ ላናውቅ እንችላለን።»

«ታዲያ ማስጠንቀቂያ አታወጣም?»

«ለአራት? አንቺ ደግሞ። ለአራት ሁሉ ማስጠንቀቂያ ባወጣ እዚህ አገር ዓሣ የሚበላ አይኖርም። ሥዕሉ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ያየ ይየው።»

«አያዩትማ። ከግማሽ በታች ነው። ነጭ አድርጌዋለሁ።»

ላቱ ማላመጡን ተወ።

ሲሲሊያ ወንበሯ ላይ ተመልሳ የራሷን ሥዕል ከፈተች። ሰሜኑ ንጹሕ ነው። እጇ ራሱ ነው የጠረገው። የአሥር ሰዓቱ ሥዕል የሳምንቱ የመጨረሻ ነው፤ ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ማኖአ እንደ ማንኛውም የዚህ አገር ክርስቲያን ለሰንበት ማሽኑን ዘግቶ እስከ ሰኞ አይከፍተውም። እሁድን በሙሉ በዚያ ነጭ ባሕር ላይ፣ ምንም የለም ብሎ አምኖ ሊውል ነው። እሷን አምኖ።

መጀመሪያ ግራጫውን በጥቃቅን ነጥብ በትና ሞከረችው። ሥዕሉ አማረ፤ ፋይሉ ግን መቶ ዘጠና ሆነ። ማሽኑ «እንደ ላይኛዋ» የሚላት መስመር አጣ፤ እያንዳንዷ የራሷን ወሬ ይዛ መጣች። ቀጥላ ግራጫውን ወደ ጥቁር አወረደችው። ሰሜኑ ባሕር በሙሉ ቀለም እንደተደፋበት ጠቆረ። ይሄን የሚያይ ሰው ዓለም ያለቀ ነው የሚመስለው። ይሄም ውሸት ነው፤ የጠዋቱ ነጭ ውሸት፣ ይሄኛው ጥቁር ውሸት።

«ደውይለታ» አለ ላቱ ከኋላዋ።

«ምን ልበለው?»

«ያየሽውን።»

«እኔ ከደወልኩ ያየሁትን አይሰማም፤ እህቱን ነው የሚሰማው። አንተ ደውልለት።»

«እኔ ከደወልኩ ማስጠንቀቂያ ይባላል፤ ሰኞ አለቃዬ ጆሮዬን ይዞ ያስረዳኛል።» አንገቱን አከከ። «ግን ስሚ፣ ግራጫው የኔ ነው፤ ፈርሜበታለሁ። እንደምንም ብለሽ ካደረስሽው የጨመርሽው ነገር የለም። ያጎደልሽውን ነው የመለስሽው።»

እንዴት እንደሚደርስ ግን እሱም አላወቀም። ሲሲሊያ ምሳ ልትበላ ዳገቱን ወጣች። ያን ቀን አልቆጠረችም።

የአክስቷ የፊፊታ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ በሴቶች ይሞላል። ከዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ የሚሠራው ጨርቅ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቶ፣ ሴቶቹ ዳርና ዳር እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ጨርቁ ከሥሩ ቅርጽ ተደርጎበት ስለተፈገፈገ ፈዛዛ ቡናማ ምስል ወጥቶበታል። አሁን በጥቁር ቀለም ላይ ላዩን ይሄዱበታል። ከውጭ የነፋሱ ሽውታ ሲገባ ጨርቁ ቀስ ብሎ ከፍ ይልና ይተኛል፤ እንደገና ከፍ ይልና ይተኛል። ሲሲሊያ በሩ ላይ ቆማ ስታየው፣ ሴቶቹ ደሴት ደሴት መሰሏት። የማን እጅ የማን እንደሆነ ጠፋት፤ ድምፃቸውም ከሩቅ መጣ።

«ምሳ ልትበዪ መጣሽ ወይስ ልትቆጥሪን?» አለች አክስት ፊፊታ። ሴቶቹ ሳቁ።

ከኮኮናት ጋር የተቀቀለውን የጎደሬ ቅጠል ሰጧት፤ አልወርድ አላት። ሳህኑን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች የአክስቷን እጅ ማየት ጀመረች። አክስት ፊፊታ ፓንዳነስ ከሚባለው ዛፍ የደረቀ ፍሬ በተሠራ ብሩሽ ጥቁሩን ቀለም እየነከረች በቅርጹ ዳር ዳር ትሄዳለች። ውስጡን አትነካውም። መስመሩ ረዥም ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆራረጣል፤ ሁለት ጫር፣ ባዶ፤ ሁለት ጫር፣ ባዶ።

«አክስቴ፣ እዚህ ጋ ለምን ቆራረጥሽው?»

«ከሥር ያለው አልወጣማ። ስንፈገፍገው ቀለሙ አልያዘም። ቅጠል ይሁን ወፍ አላየሁትም። ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ላጥቁረው?»

«ብትተዪውስ?»

«ብተወውማ የለም ማለቴ ነው። አለ እኮ። ምን እንደሆነ ነው ያላወቅኩት።» ብሩሹን ነከረች። «ዕድሜ ልክሽን እዚህ ቤት አድገሽ ዛሬ ትጠይቂኛለሽ?»

«‹አላውቅም› ብሎ የሚናገር ጨርቅ የፊፊታ ብቻ ነው» አለች አጠገቧ ያለችው ሴት። «ያ ማኖአ ልጅ ሆኖ ጫፉን እየያዘ ‹አክስቴ፣ እዚህም አላወቅሽም? እዚህም?› እያለ ሲያበግናት ትዝ አይላችሁም?»

ሲሲሊያ ሳህኑን አስቀመጠች። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደችው አታስታውስም።

በቢሮው ኮምፒውተር ላይ የጠዋቱን ዓይነት ንጹሕ ሥዕል ከፈተችና በሰሜኑ ባሕር ላይ፣ በላቱ ግራጫ ዳር ዳር፣ በእጇ መሄድ ጀመረች። ሁለት ጫር፣ ባዶ። ውስጡን ነጭ ተወችው። አንዱ ጫር ተጣመመ፤ አላጠፋችውም። ስትጨርስ አጠፈችው። አሥራ ስድስት ኪሎባይት።

ለአሥር ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። ጣቷ ከቁልፉ በላይ ቆመ። አሁን ፈራች፤ ከጠዋቱ የበለጠ ፈራች። ይሄን አይቶ ቢመለስና ባሕሩ እንደዚያን ጊዜው ተዘርግቶ ቢውል፣ ጀልባዋ ከእጁ ትወጣለች፣ ሳቁም እንደገና ይጀምራል፤ እሷም ወንድሟን ሁለት ጊዜ የሰበረች እህት ትሆናለች። ባትልከውስ? የጠዋቱን ነጭ ማንም አይጠይቃትም። ማሽኑ ነው ከግማሽ በታች ያለውን የሚጥለው። ደንቡ ነው። እና ሰኞ ጠዋት «ተቀብሏል» የሚለው ቃል ባይወጣ፣ ለማን ነው ደንቡ ነበር የምትለው?

ላከችው።

አሥር ሰዓት ላይ «ተቀብሏል» አለ። ሲሲሊያ አልተነሳችም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያው ጽሑፍ እንደገና ወጣ። በስድስት ዓመት ሥራዋ አንድ ሥዕል ሁለት ጊዜ ያወረደ ጀልባ አይታ አታውቅም። ከዚያ ፀሐይ ጠለቀች፤ ሁሉም ነገር ተዘጋ።

እሁድ ጠዋት በመዘምራኑ መካከል ቆማ ዘመረች፤ ምን እንደዘመረች አታውቅም። ቀኑ ብራ ነበር። ወደቡ ላይ ቅጠል እንኳ የሚያወዛውዝ ሞገድ የለም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምግቡ የተቀበረበት የምድር ምድጃ ተከፈተ፣ ተበላ፣ ከተማው በሙሉ ተኛ። ሲሲሊያም በሰሌኗ ላይ ጋደም ብላ፣ ነቅታም ተኝታም ሳትሆን፣ ትልቅ ነጭ ባሕር ላይ ስትሄድ ነበር። እግሯ በረገጠበት ሁሉ ጥቁር ጫር ይቀራል፤ ወደ ኋላ ዞራ ስታይ ከጫሮቹ መካከል ክፍት ቦታ አለ፣ በዚያ ክፍት ቦታ ውሃው ይተነፍሳል። ከሩቅ የሞተር ድምፅ ሰማች። በሕልሟ መሰላት። አልነበረም።

ቫይሞአና በእሁድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባዶዋን ወደብ ገባች። ስድስቱም ሰው ከላይ ቆሟል። ሲሲሊያ በመስኮት አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፤ ወዲያው ደግሞ ያ ሰላማዊ ባሕር ከበስተኋላቸው ሲያብረቀርቅ አየች።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ተባለ ማታ በካቫው ክብ። ሌላም ተባለ። ሰኞ ጠዋት ላቱ አዲሱን ሥዕል አወጣ። ግራጫው ወደ ምሥራቅ ሄዶ አልቋል።

«ጠንክሮ ነበር?» አለችው።

«እንጃ። እዚያ መሣሪያ የለንም፣ ደሴት የለ፣ ጀልባ አልነበረ። ማን አየው?»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማኖአ ወደ አክስት ፊፊታ ቤት መጣ። ሲሲሊያ ውስጥ እንዳለች ስላወቀ አልገባም፤ በረንዳው ላይ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀመጠ። ሲሲሊያ ከግድግዳው በዚህኛው ወገን ሰሌን እየጠቀለለች ነበር፤ እጇ ቆመ። አክስት ፊፊታ በሩ መሐል ላይ በርጩማዋን አድርጋ ሁለቱንም ታያለች።

«አክስቴ፣ ንገሪያት» አለ ማኖአ።

«ይቻት እዚሁ። ጆሮዋም ደህና ነው።»

«ንገሪያት አልኩሽ እኮ።»

«እሺ፣ ምን ልበላት?»

«ሥዕሉን ሁለት ጊዜ ነው ያወረድኩት። መጀመሪያ ማሽኑ ያበላሸው መስሎኝ ነበር።»

አክስት ፊፊታ ወደ ውስጥ ዞረች። «ማሽኑ ያበላሸው መስሎት ነበር ይልሻል።»

«ሰማሁ» አለች ሲሲሊያ ለአክስቷ።

«ሁለተኛ ሲወጣ አወቅኩት። ሁለት ጫር፣ ባዶ። ለጀልባዋ ልጆች ባሳያቸው አንዱም አልገባውም። ‹ካፒቴን፣ ይሄ ምን ማለት ነው?› አሉኝ። ‹አላውቅም ማለት ነው› አልኳቸው። እነሱ እኔ አላውቅም ያልኩ መሰላቸው።»

አክስት ፊፊታ አፏን በመዳፏ ያዘች። ሳቋን ስትጨርስ ጠየቀችው፣ «ጀልባዋንስ?»

«ወሰዳት። ረቡዕ ሌላ ሰው ይዟት ይወጣል። ‹ደግሞ ማን መለሰህ?› አለኝ ባለቤቱ። ‹ማንም አልመለሰኝም፣ አይቼ ነው የዞርኩት› አልኩት። ያን ጊዜ እንዲህ ማለት ብችል እኮ ያ ሁሉ ሳቅ ባላመመኝ። ያን ጊዜ አላየሁም ነበር፣ ተጠርቼ ነው የመጣሁት። አሁን ደግሞ ቢስቁ ይሳቁ፤ በራሴ ነው የሚስቁት።»

ሲሲሊያ የሰሌኑን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ነከሰችው። ዕንባዋ እንዲሁ ወረደ። አክስቷ አየቻት፤ ለማኖአ ግን አልነገረችውም።

«ሌላም ንገሪያት» አለ ማኖአ እየተነሳ። «ለአዲሱ ካፒቴን መስመሩን ታስረዳው። እዚህ ቤት አላደገማ። ሲያየው ማሽን ያበላሸው ነው የሚመስለው፣ ጥሎት ይሄዳል። ልጆቹ ያው ናቸው፤ ከሱ ጋር ነው የሚወጡት።»

አክስት ፊፊታ ልታስተላልፍ ወደ ውስጥ ዞረች፤ ሲሲሊያ ቀደመቻት።

«እሺ፣ ማኖአ» አለች በግድግዳው በኩል።

በረንዳው ላይ እግሩ ቆመ። «እሺ፣ እትዬ» አለና ደረጃውን ወረደ። ስሙን ከጠራች ሦስት ዓመት አልፎ ነበር።